ከሐይቅ እስከ ሐርቡ ቤት ስንፈልግ

ከአዲስ አበባ ወጥተን ወሎ ልንገባ ነው ስንል ዘመድ ሁሉ የጠየቀን አንድ ነገር ነው። «ኪራዩ ስንት ነው?» እናቴ ጠየቀች። የባለቤቴ ወንድም ጠየቀ። እድርተኛ ጠየቀ። አልፈርድባቸውም፤ እኛንም ከአዲስ አበባ ያስወጣን ኪራይ ነው። ግን ኪራይ ቀኑም መጠኑም የታወቀ ወጪ ነው። ወር ሲሞላ እንደሚመጣ ታውቃለህ፣ ትዘጋጅበታለህ። የእኛን ቤት ሲያናጋ የኖረው በሌላ በር የሚገባው ወጪ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ገቢያችን ልንገራችሁ። ባለቤቴ የከባድ መኪና መካኒክ ነው። ደመወዝ የለውም። መኪና ከገባ ያገኛል፣ ካልገባ ጋራዥ ተቀምጦ ሻይ ጠጥቶ ይመጣል። እኔ ልብስ እሰፋለሁ። የኔም ሥራ ወቅት ይጠብቃል። መስከረም ሲቃረብ ዩኒፎርም አለ። ለፋሲካና ለዒድ ቀሚስ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር ነው። ልጆቻችን ሦስት ናቸው፤ መካከለኛዋ አስም አለባት።

እንዲህ ገቢው ከፍ ዝቅ የሚል ቤተሰብ ወጪውም ከፍ ዝቅ ካለ አለቀለት። ደመወዝተኛ ሰው ርካሽ ቤት ይዞ ድንገተኛ ወጪ ቢመጣበት በሚቀጥለው ወር ያካክሰዋል። እኛ ግን የሚቀጥለው ወር ምን ይዞ እንደሚመጣ አናውቅም። ስለዚህ ተነጋግረን አንድ ነገር ላይ ተስማማን። ትንሽ ቢወደድም ወጪውን ቀድመን መገመት የምንችልበትን ቦታ እንይዛለን። ከዚያ በኋላ ያየነውን ቤት ሁሉ በዚህ ዓይን ነው ያየነው።

ወሎን የመረጥነው የባለቤቴ እናት ደሴ ስለሚኖሩ ነው። እኔ ያደግኩት ሸዋ ሮቢት ነው፤ የቆላ ልጅ ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ስለ ደሴ ብርድ የምለውን በዚያ ልክ እንድትሰሙኝ ነው።

ያሰብናቸው ከተሞች አራት ናቸው፣ አራቱም አንድ አስፋልት ላይ። ከአዲስ አበባ ሲመጣ ከሚሴን ካለፉ በኋላ ሐርቡ አለች። ቀጥሎ ኮምቦልቻ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ደሴ። ከደሴ ወደ ወልድያ ሲኬድ ደግሞ ሐይቅ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ከፍታቸው በ600 ሜትር ያህል ይለያያል። በዚህች አጭር መንገድ ላይ አየሩ ይለወጣል፣ ልብሱ ይለወጣል፣ በሽታው እንኳ ይለወጣል።

ሐይቅን ቶሎ ነው የተውናት። ልጆቹ ውሃውን አይተው እዚሁ እንቅር ብለው ነበር። ዓሣውም ደስ ይላል። ግን ለከባድ መኪና መካኒክ ሥራ የለም፤ ከዚያ ተነስቶ ሥራው ወዳለበት ኮምቦልቻ በየቀኑ መውረድ ደግሞ የሚታሰብ አይደለም። ሐርቡ ላይ ትንሽ ቆየን። ከአራቱ ኪራይ የረከሰው እዚያ ነው። ግቢው ሰፊ፣ ጎመንና ቃሪያ የሚተከልበት። ሙቀቱም ለኔ አገሬ ነው። ግን ለትምህርትም ለሕክምናም ለሥራም ኮምቦልቻ መመላለስ ሊኖር ነው። ርካሽ ቤት ገብቶ ልዩነቱን ለሚኒባስ መክፈል ማለት ነው።

ደሴን ግን በቀላሉ አልተውናትም። አማቴ የማያውቁት ሰው የለም፤ ደላላ ያገኙልንም እሳቸው ናቸው። ደላላው ያሳየን ቤት ጦሳ ተራራ ግርጌ ነው። ከአስፋልቱ ተነስቶ በቀጭን መንገድ ሽቅብ ይኬዳል። ባጃጅ መንገዱ መጀመሪያ ላይ ያወርድሃል፣ ከዚያ በኋላ በእግር ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል፣ ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ማዕድ ቤትና ሽንት ቤት የጋራ። በረንዳው ላይ ሲቆሙ ደሴ በሙሉ ከእግር ሥር ናት። እውነቱን ለመናገር ልቤ ደንግጧል። ኪራዩም ከጠበቅነው ያነሰ ነበር።

ግቢው ውስጥ ቢጫ ጀሪካኖች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል፣ ሁለት በርሜልም አለ። አከራይዋን ስለ ውሃው ጠየቅኳቸው። ትልቅ ሴት ናቸው፣ ሳቅ አሉ። «ልጄ፣ ቤቱን ልሰጥሽ እችላለሁ፤ ውሃዋ ግን ደስ ባላት ቀን ነው የምትመጣ።»

አጠገባቸው ልብስ የምታጥብ ተከራይ ነበረች። እሷን ወደ ጎን አድርጌ በበጋ አንድ ጀሪካን ውሃ በስንት እንደሚገዛ ጠየቅኳት። እጇን ከአረፋው አውጥታ ወደ ቁልቁለቱ አሳየችኝ። «የውሃውን ዋጋ ተይው እህቴ፣ የተሸካሚውን ጠይቂ።»

ለኔ ቤቱ የተወሰነው እዚያ ላይ ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት፣ ሕፃን ያለበት ቤት፣ ውሃ አይቆጥብም። ውሃ በጠፋ ሳምንት የምናወጣው ገንዘብ በኪራዩ ያተረፍነውን ሊበላው ይችላል። ሊበላው ላይችልም ይችላል። ችግሩ እሱ ነው፣ አይታወቅም።

ደላላው ሌላ ቤት አላጣም። ሜዳው ላይ፣ ወደ ፒያሳ ጠጋ ያለ፣ ሮቶ የተሰቀለበት ግቢ አሳየን። ውሃው አስተማማኝ ነው፣ ኪራዩ ግን ለእኛ አልሆነም። ደሴ ተራራ መሀል የተወሸቀች ከተማ ስለሆነች ደልዳላ መሬት ውድ ነው። የደሃ ቤት ሽቅብ ነው። ወደ ገራዶ በኩል እየሰፋች ነው ይባላል፤ ወርጄ አይቻለሁ፣ ደስ የሚል ሜዳ ነው፣ ግን ኮምቦልቻ ካለው ጋራዥ ጭራሽ ይርቃል።

ስለ ብርዱ ደግሞ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ጉም ይወርዳል፣ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ውሎ ያድራል። ይሄ ለሌላው ቀልድ ነው፣ ለልብስ ሰፊ ግን የደንበኛ ጨርቅ ሻጋታ ሸተተ ማለት ነው። ለሦስት ልጅ ሹራብና ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። ከሰል ያስፈልጋል። ከሰል ደግሞ ቤት ውስጥ ሲነድ ልጄ ታፍናለች። ሐኪም ከነገረን ነገሮች ዋናዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ ብርድና ጭስ አርቁላት። ደሴ ላይ አንዱን ለመሸሽ ሌላውን ማቀፍ ሊሆንብን ነው።

አማቴ ይህን ሁሉ አዳምጠው አልተዋጠላቸውም። «የአይጠየፍን አገር ትተሽ ፋብሪካ ሥር ልትገቢ ነው?» አሉኝ። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበትን አዳራሽ ሳይጠሩ ክርክር አይጨርሱም። ግን ሐቅ አላቸው። ትልቁ ሆስፒታል ያለው ደሴ ነው። ወይዘሮ ስህንን የመሰለ ስመ ጥር ትምህርት ቤት ያለው ደሴ ነው። ገበያው ሰፊ ነው፤ ለስፌት የሚሆን ጨርቅ፣ ገበር፣ ክር የሚመረጠው እዚያ ነው። ከሁሉ በላይ እሳቸው አሉ። ልጅ የሚይዝልህ አያት ያለበት ከተማ ስንት ብር እንደሚያወጣ የወለደ ያውቀዋል።

ታዲያ ለምን ደሴ ኖረን ባለቤቴ ኮምቦልቻ አይመላለስም? ብዙ ሰው እንዲያ ይኖራል። ደምረነዋል። በወር 26 ቀን ቢወርድ 52 ጉዞ ነው። የአንዱን ጉዞ ታሪፍ በ52 አባዝታችሁ ከኪራዩ ጋር ስታስቀምጡት ያስደነግጣችኋል። ከሱም ሌላ ነገር አለ፤ ሲመሽ ታክሲ ይጠፋል፣ ጉም ሲወርድ ሐረጎ ላይ ሁሉም እየዳኸ ነው የሚሄደው። ከሁሉ የሚያበሳጨው ግን ሥራ በሌለበት ቀን ነው። ጋራዡ ባዶ ሆኖ ቢውልም የመሄጃና የመመለሻው አይቀርም። ምንም ያላገኘበት ቀን የሚከፍልበት ቀን ይሆናል።

ኮምቦልቻ ደልዳላ ናት። ጋሪ እቤት በር ድረስ ይደርሳል። ውሃ እዚህም ይጠፋል፣ እንዳትሳሳቱ፤ ግን በጋሪ የሚመጣ ጀሪካን ተሸካሚ አይጠይቅም። ሙቀት ስላለ ሹራብ አያስፈልግም፣ ልብስ በሁለት ሰዓት ይደርቃል።

የባለቤቴ ሥራም እዚህ ነው። ኮምቦልቻ መገናኛ ናት። ከጅቡቲ የሚመጣ ጭነት ከሚሌ በባቲ አድርጎ የሚወጣው ወደዚህ ነው። ደረቅ ወደብ አለ፣ ተሳቢውና ቦቴው እዚህ ያርፋል። ደሞ ሐረጎ አለ። ከደሴ ጭኖ የሚወርድ መኪና ፍሬኑን አግሎ ነው ታች የሚደርሰው። ባለቤቴ «ሐረጎ እያለ እኔ አልራብም» ይላል። ቀልዱን ቢሆንም ውስጡ እውነት አለው።

የኮምቦልቻ ስም የሚነሳው ግን በፋብሪካ ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ። ሰፊ ነሽና ለምን ፓርኩ ውስጥ አትቀጠሪም ያሉኝ ብዙ ናቸው። አስቤዋለሁ፤ ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ እኔ የምለው የታወቀ ገቢ ይመስላል። ግን አሜሪካ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣቻት። ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፋ ፋብሪካ የነበረው ሒሳብ በአንድ ውሳኔ ተለወጠ። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴም ኮምቦልቻም በጦርነቱ ወድቀው ነበር። ፋብሪካው ተዘረፈ፣ ሰው እግሬ አውጪኝ አለ። ይህን ስሰማ በራሴ የስፌት መኪና መሥራቱን መረጥኩ። ሲንጀሯ የእግር ናት። መብራት ቢጠፋም ትሠራለች፣ ዋሽንግተን ቢወስንም ትሠራለች።

ፋብሪካው እኛን የነካን በሌላ በኩል ነው፤ በቤት ኪራይ። ሠራተኛው አብዛኛው ወጣት ነው፣ ለሁለት ለሦስት ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ። አከራይም ግቢውን ቆራርጦ ነጠላ ክፍል ይሠራል። ስለዚህ ሰርቪስ ቤት በየቦታው ሞልቷል፣ ለቤተሰብ የሚሆን ግን ፈልጉ ተብላችኋል። አከራዮች በር ላይ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ገንዘብ አይደለም። «ልጅ አለሽ?» ነው። «ሦስት» ስል ፊታቸው ሲለወጥ አየዋለሁ። አንዷ በግልጽ ነገረችኝ፤ ልጅ ግድግዳ ይጽፋል፣ ውሃ ያባክናል፣ ይጮኻል። ምን እላታለሁ፣ ሦስቱንም ያደርጋሉ።

ወባም አለ። አማቴ በዚህ አጥብቀው ያዙኝ። ኮምቦልቻ ከ2,000 ሜትር በታች ናት፤ ደሴ ላይ የማይታሰብ በሽታ እዚህ ከክረምት በኋላ ይመጣል። «አንቺ ያልታሰበ ወጪ አልወድም እያልሽ ልጆቹን ለትንኝ ልትሰጪ?» አሉኝ። ጥያቄው ያስቆማል። እኔ ግን ሸዋ ሮቢት ነው ያደግኩት፤ ወባን አውቀዋለሁ። ጊዜው ይታወቃል፣ በመስከረምና በጥቅምት ይበረታል። አጎበር ይከለክለዋል፣ ልጅ ሲያተኩሰው ሳያድር ጤና ጣቢያ ይወሰዳል፣ በደም ምርመራ ይለያል። የልጄ አስም ግን ቀጠሮ የለውም። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ይመጣል። ሁለቱን መዝኜ ወባውን መረጥኩ። ሌላ እናት በተቃራኒው ልትመርጥ ትችላለች፣ አልከራከራትም።

አሁን ኮምቦልቻ ያለንበትን ቤት ያገኘነው በደላላ አይደለም፤ ቡና ላይ ነው። እዚህ አገር ቡና ከተጠራህ መሄድ ነው። ባለቤቴ የሚሠራበት ጋራዥ አካባቢ ያሉ ሴቶች ጠሩኝ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ረከቦት ዙሪያ ነው። ሦስተኛው ስኒ ሳይደርስ የትኛው ሰፈር ውሃ እንደሚመጣ፣ የትኛው አከራይ በየስድስት ወሩ እንደሚጨምር፣ የትኛው ግቢ ጎርፍ እንደሚገባው ሰምቼ ጨረስኩ። ደላላ ይህን አይነግርህም፤ ቢያውቅም አይነግርህም።

ቤቱ ሁለት ክፍልና ትንሽ ማዕድ ቤት ነው። ኪራዩ ጦሳ ግርጌ ካየነው ይበልጣል። ባለቤትየው መጀመሪያ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቁን። የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥና ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ክልል ላይ የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው። እኔ አዋጁን ጠቅሼ አልተሟገትኩም፤ በአዋጅ አከራይን ማሸነፍ ይቻል ይሆናል፣ ቤት ግን አያስገኝም። ባለቤቴ የጠየቃቸው አንድ ነገር ነው። «ጋሼ፣ ስድስት ወሩን ከከፈልን ልጆቹ ምን ይበላሉ? ሁለት ወር እንስጥዎት፣ ውሉን ለሁለት ዓመት በጽሑፍ እናድርገው፤ እርስዎም ተከራይ ፍለጋ አይደክሙ።» ትንሽ አሰቡና እሺ አሉ። ለእኛ የሁለት ዓመቱ ውል ከኪራዩ ቅናሽ ይበልጥብናል።

ያልተስማማንበት ቆጣሪው ላይ ነበር። ግቢው ውስጥ አንድ የካርድ ቆጣሪ ነው ያለው፣ ለአራት ተከራይ። ሒሳቡ በምጣድና በአምፖል ብዛት ይከፈላል። እኔ ካውያ ስለምጠቀም ጎረቤት ማጉረምረም ጀመረ። የከሰል ካውያ ገዛሁና አገር ሰላም ሆነ። የምተኩሰው ደጅ ነው፤ ልጅቷ ጭሱ አይደርስባትም። ይህን ደሴ ላይ በሐምሌ ማድረግ አልችልም ነበር።

ቤት ፍለጋ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ወጪ እድር ነው። አዲስ አበባ ስንት ዓመት ያዋጣነው እድር አብሮን አይሄድም፤ ስትወጣ ቀረ። አዲሱ ሰፈር ስትገባ ደግሞ መግቢያ አለ። እድሩ ድንኳን ገዝቷል፣ ወንበርና ድስት ገዝቷል፣ አንተም የድርሻህን አዋጣ ይልሃል። ልክ ናቸው። እኛን መግቢያውን በየወሩ ከፋፍለን እንድንከፍል ፈቀዱልን። ሳትጠይቅ ግን ማንም አይነግርህም።

የጤና መድህንም እንዲሁ። ደመወዝተኛ ላልሆነ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ በዓመት አንዴ ከፍለህ መላው ቤተሰብ ውል ባለበት የመንግሥት ጤና ተቋም ይታከማል። የማይገመተውን ወጪ ወደሚገመት የሚለውጥ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። ግን የሚመዘገበው በምትኖርበት ወረዳ ነው፣ ምዝገባውም ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም። ለመመዝገብ ደግሞ ነዋሪ መሆን አለብህ፣ ነዋሪ ለመሆን ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ያስፈልጋል። መሸኛውንና የልጆቹን የትምህርት ማስረጃ ዕቃ ሳትጭን በፊት ጨርስ። ወረቀት ለማምጣት ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተመልሶ ላምበረት መውረድ ያስቃል እንጂ አያዋጣም።

ዕቃችንን ያመጣነው በአይሱዙ ነው። ከወሎ እህል ጭኖ አዲስ አበባ የገባ መኪና ባዶውን ከሚመለስ ብሎ በግማሽ ዋጋ ጫነልን። ሹፌሩ የባለቤቴ ደንበኛ ነው። ቡፌውንና ሶፋውን ሸጠናቸዋል፤ ለሁለት ክፍል ቤት ቡፌ ማለት አንድ ልጅ የሚተኛበት ቦታ ነው። ሲንጀሯ፣ ምጣዱና ፍራሹ መጥተዋል።

አሁን ቤት ውስጥ ያለው ክርክር የትልቁ ልጅ ነው። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍልን ይፈተናል። አማቴ ዘጠነኛን ደሴ ከእሳቸው ጋር ሆኖ ይማር ይላሉ። ኮምቦልቻም ሁለተኛ ደረጃ እንዳለ ብነግራቸው «አለ እንጂ፣ ምን ጠፍቶ» ብለው ወሬ ይቀይራሉ። ልጁ ራሱ የሚፈልገው ደሴን ነው። ለትምህርቱ እንዳይመስላችሁ፤ ሆጤ ስታዲየም ለአያቱ ቤት ቅርብ ስለሆነ ነው። እኔ ገና አልወሰንኩም። ባለቤቴ ግን ቅዳሜና እሑድ ሐረጎን ሲወርድና ሲወጣ የሚያስፈልገውን ታሪፍ ከወዲሁ መደመር ጀምሯል።